ከአኮምፖንግ እስከ ሃይፋ

በ1935 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገና 26 ዓመት ያልሞላት ካተሪን ደናም የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ቺካጎ ውስጥ በሮዘንዋልድ ፈንድ ሰዎች ፊት ቀረበች። ፈንዱን ያቋቋመው የሲርስ መደብሮች ባለጸጋ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ሲሆን፣ ተስፋ ለተጣለባቸው ጥቁር ምሁራንና ከያንያን የጥናት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ገንዘቡን ብታገኝ ምን ልትሠራበት እንዳሰበች ጠየቋት። ራሷ ኋላ ደጋግማ እንደተረከችው፣ ደናም በቃል አላስረዳችም። የለበሰችውን የሱፍ ልብስ አወለቀችና ከሥሩ በለበሰችው የዳንስ ልብስ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ በየዳንስ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ባሌት አሳየች፤ ቀጥላ አፍሪካዊ የሆነውን ጭፈራ። ገንዘቡ ተፈቀደላት።

ደናም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ነበረች። መምህሯ ሮበርት ሬድፊልድ በአንድ ትምህርት ላይ የጥቁር አሜሪካውያን ባህል ብዙው ከአፍሪካ የመጣ መሆኑን ሲናገር ሰምታለች። በወቅቱ ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ የባሪያ ንግድ መርከብ ያጓጓዘው ሰውነትን ብቻ እንደሆነ፣ ትዝታና ባህል ግን ባሕር ላይ እንደቀረ ያምን ነበር። ለደናም ጥያቄው ቀላል ሆነ፦ ያ ባህል ካልጠፋ ከሰው ሰውነት ውስጥ ሌላ የት ሊደበቅ ይችላል? በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካንና የካሪቢያንን ባህል የሚያጠናው ሜልቪል ኸርስኮቪትስ የመስክ ሥራ ዘዴ አስተማራት፤ የማስተዋወቂያ ደብዳቤም ጻፈላት። የፊልም መቅረጫዋን ይዛ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተሻገረች። 

በጃማይካ ያረፈችው አኮምፖንግ በምትባል የተራራ መንደር ነው። ነዋሪዎቿ ማሩን ይባላሉ። ከባርነት አምልጠው በተራራ የመሸጉ፣ የእንግሊዝን ጦር ተዋግተው በ1739 የሰላም ውል ያስፈረሙ ሰዎች ልጆች ናቸው። ደናም ለማየት የጓጓችው ኮሮማንቲ የሚባለውን የጦር ጭፈራ ነበር። መንደሩ ግን ለእንግዳ ሆዱን አልሰጠም። ጭፈራው ድሮ የቀረ ነው ይሏታል። ቀኑ ይሄዳል፤ ማስታወሻ ደብተሯ ይሞላል፤ ኮሮማንቲ ግን የለም። ወር ገደማ ቆይታ መሄጃዋ ሲቃረብ በአንድ ሌሊት የከበሮ ድምፅ ሰማች። ሄዳ አገኘቻቸው፤ ሽማግሌዎቹ እየጨፈሩ ነው። ቆማ አልጻፈችም፤ ገብታ ጨፈረች። ስለዚያ ቆይታዋ በ1946 የታተመው «ጉዞ ወደ አኮምፖንግ» የተሰኘ መጽሐፏ ይህን ይተርካል።

ሄይቲ ስትገባ ይህን ትምህርት ይዛ ነበር። የቩዱን ሃይማኖት ከውጭ ሆና ከማየት ይልቅ «ራስ ማጠብ» በሚባለው ሥርዓት አልፋ አባል ሆነች። ያንቫሉ የተባለውን ጭፈራ የተማረችው በዚያ ነው፦ ጉልበት ሰበር፣ አካል ዝቅ ይልና ጀርባ ከወገብ እስከ አንገት እንደ ውኃ ሞገድ ይንቀሳቀሳል። ጭፈራው ዳምባላ ለሚባለው በእባብ ለሚመሰል መንፈስ የሚቀርብ ነው። ሌላው ጭፈራ ደግሞ ስሙ ራሱ በፈረንሳይኛ ከትከሻ የተወሰደው ዜፖል ነው፤ ትከሻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፍጥነት ይመታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ እስክስታ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በሁለቱ መካከል የዝምድና ሐረግ ለመምዘዝ አይደለም፤ እግር ከመሬት ሳይርቅ በላይኛው አካል ብቻ ብዙ መናገር የሚችል ሕዝብ ከአንድ በላይ መኖሩን ለማስታወስ ያህል ነው።

በ1936 ወደ ቺካጎ ተመልሳ ዲግሪዋን ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ምርጫ መጣ፤ ምሁር ልሁን ወይስ ዳንሰኛ? መድረኩን መረጠች። ጥናቱን ግን አልተወችም፤ ወደ መድረክ ይዛው ወጣች። በጥር 1938፣ ሥራ ላጡ ከያንያን መንግሥት ባቋቋመው የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት ሥር፣ «ላግያ» የተባለ ሥራዋ ቺካጎ ላይ ታየ። ላግያ በማርቲኒክ ደሴት ሁለት ወንዶች የሚገጥሙበት የትግል ጭፈራ ነው። ደናም በዓሣ አጥማጆች መንደር የሚሆን የፍቅርና የቅናት ታሪክ ሠራችለትና ጭፈራውን የታሪኩ መቋጫ አደረገችው። በማርቲኒክ ሜዳ ላይ ያየችው እንዳለ ቀረበ ማለት አይደለም፤ ባሌት አለበት፣ የቴአትር ብርሃን አለበት፣ የእሷ ምናብ አለበት። ያንቫሉንና የሌሎቹን ደሴቶች ጭፈራ ከባሌት ልምምድ ጋር አዋህዳ የራሷን የማስተማሪያ ዘዴ አወጣች። ዘዴው ዛሬም በስሟ «የደናም ቴክኒክ» ተብሎ ይሰጣል። ራስ፣ ትከሻ፣ ደረትና ዳሌ እያንዳንዳቸው ለብቻ እንዲንቀሳቀሱ ማሠልጠን ከመሠረቶቹ አንዱ ነው።

በየካቲት 1943 ሌላ ወጣት ኒው ዮርክ ላይ ብቅ አለች። ፐርል ፕራይመስ በ1919 ትሪኒዳድ ተወልዳ በሕፃንነቷ አሜሪካ የገባች ናት። ሐኪም ለመሆን አስባ ባዮሎጂ ተማረች፤ ጥቁር ሴትን የሚቀጥር ላቦራቶሪ ግን አጣች። የዕለት ሥራ ስትፈልግ ወደ ዳንስ ተሳበችና ኒው ዳንስ ግሩፕ የተባለው ማኅበር ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጣት። በመጀመሪያው መድረኳ ላይ ያቀረበችው «አፍሪካዊ ሥርዓት» የሚል ሥራ የተሠራው አፍሪካን ባላየች ሴት ነው። መጻሕፍት አገላብጣ፣ በየሙዚየሙ ያሉትን ቅርጻ ቅርጾች አጥንታ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ አፍሪካውያንን ጠይቃ ነው ያቀናበረችው። ዝላይዋ የተመልካች መነጋገሪያ ሆነ። ቁመቷ አጭር ነው፤ ወደ ላይ ስትነሣ ግን አየር ላይ የቆየች ይመስላል።

በዚያው ጊዜ የሠራችው ሌላ ጭፈራ ሙዚቃ የለውም። በቢሊ ሆሊዴይ ድምፅ የታወቀው «እንግዳ ፍሬ» የተሰኘው ግጥም ይነበባል፤ ግጥሙ በደቦ ፍርድ ተገድለው በዛፍ ስለተሰቀሉ ጥቁሮች ነው። ፕራይመስ የምትጫወተው የሟችን እናት ወይም ሚስት አይደለም። ግድያውን ቆማ ካየው ሕዝብ መካከል ያለች፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ምን እንደተፈጸመ የገባትን ሴት ነው። ይህ ምርጫ ከጭፈራው ሁሉ የከበደ ይመስለኛል።

በ1944 በጋ ፕራይመስ ወደ ደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ወረደች። ከጭሰኞች ጋር ጥጥ ለቀመች፤ በየቤተ ክርስቲያናቸው ገብታ አጨፋፈራቸውንና አዘማመራቸውን አጠናች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የደናም ቡድን በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ትርኢት ያሳይ ነበር። አዳራሹ ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ያስቀምጣል። ትርኢቱ ሲያልቅ ደናም ለጭብጨባው እጅ ነስታ፣ ሰው በቀለም ሳይለይ ጎን ለጎን እስኪቀመጥ ድረስ ተመልሳ እንደማትመጣ ለታዳሚው በግልጽ ተናገረች።

ሮዘንዋልድ ፈንድ በ1948 በሩን ሊዘጋ ሲቃረብ ከሰጣቸው የመጨረሻ ገንዘቦች አንዱ ለፕራይመስ ደረሳት። ናይጄሪያን፣ ጎልድ ኮስትን፣ ላይቤሪያን፣ ሴኔጋልን፣ ኮንጎንና ሌሎችንም አገሮች ለወራት ዞረች። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ኦሞዋሌ የሚል ስም አወጡላት፤ «ልጅ ወደ ቤቷ ተመለሰች» ማለት ነው። ከላይቤሪያ ፋንጋ የተባለውን የእንግዳ መቀበያ ጭፈራ ይዛ ተመለሰች። ፋንጋ እሷ ባሳየችው መልክ በአሜሪካ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከበዓል ወደ በዓል ተላለፈ። ዛሬ የሚጨፍረው ልጅ ከማን እጅ እንደወጣ ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ እስራኤል ይሻገራል። በ1949 እና በ1950 ወደ 49,000 የሚጠጉ የየመን አይሁድ ከኤደን በአውሮፕላን ተጭነው ወደ አዲሲቱ አገር ገቡ። ሣራ ሌዊ ታናይ ከየመን የመጡ ወላጆች ልጅ ናት፤ ኢየሩሳሌም ተወልዳ፣ በሕፃንነቷ ወላጅ አጥታ፣ ሜኢር ሽፌያ በተባለ የሕፃናት መንደር አደገች። በሙያዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፤ ለልጆች ዘፈን ትጽፋለች፣ ዜማ ታወጣለች። የየመን ልጅ ብትሆንም ያሳደጋት የየመን ቤት አልነበረም። በ1949 አዲስ ከመጡት ወጣቶች ጥቂቶቹን ሰብስባ ኢንባል የተባለውን ቡድን ስትመሠርት፣ የአባቶቿን ጭፈራ የተማረችው ራሷ ከምታስተምራቸው ልጆች ነው። ኢንባል በዕብራይስጥ የደወል ምላስ ማለት ነው።

የየመን አይሁድ ጭፈራ በጠባብ ክፍል ውስጥ ያደገ ነው። ወንዱ ከወንድ፣ ሴቷ ከሴት ጋር ትጨፍራለች። ሰው በተጨናነቀበት ቤት ወደ ጎን መስፋት ስለማይቻል እንቅስቃሴው ወደ ላይና ወደ ታች ይሆናል፤ ጉልበት ለስላሳ፣ እርምጃ አጭር፣ እጅና ጣት ብዙ ተናጋሪ። ሌዊ ታናይ ይህን ወስዳ ሰፊ መድረክ ላይ ዘረጋችው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን፣ የሠርግ ሥርዓትን፣ የእረኛና የበረሃ ሕይወትን ሠራችበት። ወንድና ሴት በአንድ መድረክ ቆሙ። በ1951 እስራኤልን የጎበኘው ኮሪዮግራፈር ጀሮም ሮቢንስ ቡድኑን አይቶ ተደነቀ፤ በእሱ አሳሳቢነት በ1953 ኮሪዮግራፈሯ አና ሶኮሎው ከኒው ዮርክ መጥታ ዳንሰኞቹን በሙያ ሥልጠና አጠናከረቻቸው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ኢንባል አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ።

ሌዊ ታናይን ዕድሜዋን ሙሉ የቆረቆራት አንድ ነገር ነበር። ከአውሮፓ የመጣ ኮሪዮግራፈር ሲሠራ «ዘመናዊ ዳንስ» ይባላል፤ እሷ ስትሠራ «የብሔረሰብ ጭፈራ» ይባላል። እሷ ግን ከየመን እርምጃ ተነሥታ አዲስ የመድረክ ቋንቋ የፈጠረች ከያኒ ነበረች። የየመንን ሠርግ እንዳለ ለመቅዳት አልሞከረችም። ቅርስ ጠባቂ ተብላ መመስገኗ ፈጣሪነቷን ሸፈነባት።

በዚያው ጊዜ ደናም በብራዚል ነበረች። በ1950 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ኤስፕላናዳ የተባለው ታላቅ ሆቴል በቀለሟ ምክንያት አላስተናግድም አላት። ዝም አላለችም፤ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰና በሐምሌ 1951 ብራዚል በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በአቅራቢው ስም የአፎንሶ አሪኖስ ሕግ ይባላል። በዚያው በ1951 ቺሊ ሳንቲያጎ ላይ «ሳውዝላንድ» የተባለ ሥራዋን አሳየች። ጉዳዩ እንደ ፕራይመስ ጭፈራ የደቦ ፍርድ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ሰዎች ተቆጡ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሌሎች የዳንስ ቡድኖችን እየደገፈ ዓለምን ሲያዞር፣ ከ50 በላይ አገሮችን በራሱ ወጪ የረገጠው የደናም ቡድን ያንን ድጋፍ አላገኘም።

በሜክሲኮ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። አማልያ ኤርናንዴዝ በ1952 በ8 ዳንሰኞች የጀመረችው ቡድን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በቴሌቪዥን በየሳምንቱ መታየት ጀመረ፤ የመንግሥትንም ድጋፍ አገኘ። ባሌትና ዘመናዊ ዳንስ የተማረችው ኤርናንዴዝ የየክፍለ ሀገሩን ጭፈራ፣ የያኪ ሕዝብ የአጋዘን ጭፈራን ጨምሮ፣ አስውባና አፍጥና ለትልቅ መድረክ አዘጋጀችው። ከ1959 ጀምሮ ቡድኑ ቤላስ አርቴስ በተባለው የሜክሲኮ ከተማ የኪነ ጥበብ ቤተ መንግሥት መደበኛ መድረክ አለው። ያኪዎች አጋዘኑን የሚጨፍሩት ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ በቤላስ አርቴስ ግን የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው። ይህን የሚነቅፏት የባህል ሰዎች ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ሜክሲኳውያን የሌላውን ክፍለ ሀገር ጭፈራ መጀመሪያ ያዩት በእሷ ምክንያት መሆኑም አይካድም።

በ1959 ፕራይመስ ወደ ላይቤሪያ ተመልሳ ሞንሮቪያ ውስጥ የክዋኔ ጥበባት ማዕከል መራች። በ1963 ደናም በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የቨርዲን «አይዳ» ጭፈራዎች አቀናበረች፤ ለቤቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ኮሪዮግራፈር ሆነች። የኦፔራው ባለታሪክ አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። አኮምፖንግ ላይ ለአንድ ጭፈራ ወር ሙሉ የጠበቀችው ሴት አውሮፓ በምናቡ የፈጠራትን አፍሪካ አጨፋፈር የማስያዝ ዕድል አገኘች።

ሌዊ ታናይ በ1973 የእስራኤል ሽልማትን ተቀበለች። ፕራይመስ በ1978 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች፤ በ1991 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳሊያ ተሰጣት።

ከየመን አይሁድ በኋላ ተራው የኢትዮጵያ አይሁድ ሆነ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መባቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከአካባቢው በእግር ሱዳን ገብተው፣ በመጠለያ ብዙ ዘመድ ቀብረው፣ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር እስክስታም ገባ። ጸሎት ላይ ነጋሪትና ቃጭል እየተመታ ቄሶች የሚያሸበሽቡት ሽብሸባም ገባ። በአዲሱ አገር ግን ልጆች እኩዮቻቸው ፊት ትከሻቸውን ለመምታት የሚያፍሩበት ጊዜ ነበር። ዕብራይስጥ ቶሎ መልመድ፣ ከሌላው መምሰል፣ የወላጅን ነገር ቤት ውስጥ መተው እንደ ሥልጣኔ ይቆጠር ነበር።

በ1992 የ82 ዓመቷ ደናም የአሜሪካ መንግሥት ከሄይቲ በጀልባ የሚሰደዱትን ሰዎች እየመለሰ መሆኑን በመቃወም ምግብ አልቀምስም አለች። 47 ቀን ጾመች። ያቆመችው ከሥልጣን የተወገዱት የሄይቲ ፕሬዚዳንት ዣን ቤርትራን አሪስቲድ ራሳቸው መጥተው ከለመኗት በኋላ ነው። ያንቫሉን ካስተማሯት ሰዎች ጋር የነበራት ነገር በ1936 አላለቀም ነበር። ፕራይመስ በጥቅምት 1994 አረፈች።

በ1995 ሩት ኤሼል የተባለች የሃይፋ ዳንሰኛና የዳንስ ተመራማሪ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር አንድ ቡድን መሠረተች፤ ስሙ «እስክስታ» ሆነ። ኤሼል የዘመናዊ ዳንስ ሰው እንጂ የቤተ እስራኤል ልጅ አይደለችም። የማኅበረሰቡን አጨፋፈር አጠናች፣ ቀረጸች፤ የቄሶቹን የጸሎት እንቅስቃሴም መዘገበች። ከተማሪዎቹ ጋር ስትሠራ ሌዊ ታናይ ከ46 ዓመት በፊት የሄደችበትን መንገድ ነው የተከተለችው፦ መነሻው የዳንሰኞቹ ሰውነት የሚያውቀው ነው፤ አቀነባበሩ የመድረክ ነው። በባህላዊው እስክስታ ሰው ለሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይገባበዛል፣ ይፎካከራል፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ይህ ጨዋታ ፊቱን ወደ ተመልካች ሲያዞር ብዙ ነገሩ ይቀየራል። ትከሻ ብቻውን በዝምታ ሊመታ ይችላል። አንገት ብቻውን ሊናገር ይችላል። ከዘፈኑና ከከበሮው ሲለይ እስክስታ ምን ይቀረዋል የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

ከተማሪዎቹ አንዷ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ የመጣችው ደጌ ፌደር ነበረች።

በ2005 ኤሼል በሃይፋ ነዌ ዮሴፍ ሰፈር ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ሁለተኛውን ቡድን አቋቋመች፤ «ቤታ» ተባለ። ይኼኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክበብ መሆኑ ቀርቶ በሙያው የሚተዳደር የዳንስ ቡድን እንዲሆን የታሰበ ነበር። በዚያው ዓመት ሣራ ሌዊ ታናይ አረፈች፤ በቀጣዩ በግንቦት 2006 ደናም በ96 ዓመቷ ተከተለቻት። በ2008 የእስራኤል ፓርላማ የቤተ እስራኤልን ስግድ ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገ። በአንድ ወቅት ልጆች ይሸሽጉት የነበረው ነገር የአገር የቀን መቁጠሪያ ላይ ገባ።

ኤሼል ከቤታ መሪነት ስትወርድ ቦታዋን የተረከበችው ደጌ ፌደር ናት። ደናም ሽማግሌዎች እስኪፈቅዱላት ወር ሙሉ ጠብቃለች፤ ፕራይመስ አፍሪካን መጀመሪያ በሙዚየም መስታወት አይታለች፤ ሌዊ ታናይ የአባቶቿን እርምጃ ከተማሪዎቿ ተውሳለች። ፌደር እስክስታን የምታውቀው ከቤት ነው። ሥዕል ትሥላለች፣ ታዜማለች፣ በምታቀናብራቸው ጭፈራዎች ውስጥ ድምፅና እንቅስቃሴ አብረው ይሄዳሉ። ለአንድ ዳንሰኛ ትከሻ ከየት እንደሚነሣ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚወጣ ስታሳይ የምትጠቅሰው የመስክ ማስታወሻ የለም። እናቶቿ ሠርግ ላይ ሲያደርጉ ያየችውን ታደርጋለች፤ ከዚያ ደግሞ እነሱ ያላደረጉትን ትጨምርበታለች።